ማብሪያ ማጥፊያው ስንት ይበላል?

ለአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የስቶክ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነበር። ለእያንዳንዱ ዕቃ «አምፒር» የሚል አንድ ሣጥን ሰጠሁት። ሶኬቱም 16፣ ምጣዱም 16 ተብሎ ገባ። ከዚያ «እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ላይ ስንት ይወስዳሉ?» ብዬ ስሞክረው ፕሮግራሙ ሶኬቱን ከምጣዱ ጋር ደምሮ 32 አለኝ። ኢንጂነሪንግ ተመርቄ! የምጣዱ 16 «ይህን ያህል እበላለሁ» ነው፤ የሶኬቱ 16 ግን «እስከዚህ ድረስ እችላለሁ» ነው።

ስህተቴን ሳርም የአሜሪካኖቹ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ውስጥ ገባሁ። ኤሌክትሪክ ቤት ሲገባ እሳትም አብሮት ገብቶ ነበር፤ ኪሳራውን የሚከፍሉት ደግሞ ኢንሹራንሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 አገሪቱ ውስጥ አምስት የተለያዩ ኮዶች ነበሩ። ሠራተኛው የቱን ይከተል? በ1897 አንድ የጋራ ኮድ ወጣ። ከ1911 ወዲህ የሚያዘጋጀው ደግሞ የእሳት መከላከያ ማኅበሩ ነው። የኤሌክትሪክ መጽሐፍ በእሳት ሰዎች እጅ መሆኑ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር፤ አሁን አያስቀኝም።

እኔን የያዘኝ የትርጉም ክፍሉ ነው። «ኢኩዊፕመንት» ሰፊው ስም ነው፤ ምጣዱም፣ መብራቱም፣ ሞተሩም፣ መገጣጠሚያውም እዚያ ውስጥ ናቸው። «ዲቫይስ» የእሱ አንድ ዓይነት ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው ነበር። ሽቦ ዲቫይስ አይባልም። የ2002ቱ እትም ዲቫይስን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር ግን የማይጠቀም ብሎ ይፈታዋል። ማብሪያ ማጥፊያ ያሳልፋል፣ አምፖል ይጠቀማል። አዎ ወይም አይ፤ ለፕሮግራመር ከዚህ የሚጥም የለም።

ግን የቦይለር ማብሪያ ማጥፊያ አስቡ። ሲበራ ቀይ መብራት አለችው፤ ትንሽም ብትሆን ትበላለች። ታዲያ ዲቫይስ አይደለም ልንል ነው? በ2005 «ወይም የሚቆጣጠር» የሚል ተጨመረ። በ2008 «የማይጠቀም» የሚለው ወጣና ጥያቄው ዋና ሥራው ምንድነው ወደሚል ዞረ። ማሳለፍ ወይም መቆጣጠር ከሆነ፣ ቀይ መብራቷ ዲቫይስነቱን አታስቀረውም።

እኔም ሣጥኑን ለሁለት ከፈልኩት፤ «የሚችለው» እና «የሚወስደው»። ባለ መደብሩ አየት አድርገው፣ «ዲቫይደር ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ስንት ቀዳዳ አለው ነው የሚለኝ» አሉኝ። ስለዚህ ዲቫይደር ሲሸጥ «የሚችለው» ደረሰኙ ላይ በትልቁ እንዲወጣ አደረግሁ።