የኪነ ጥበብ ተማሪዎች የግል ሥራ ዝግጅት በደቡብ ጎንደር

የኪነ ጥበብ ተማሪዎች የግል ሥራ ዝግጅት ማለት ሥዕል፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ ጽሕፈት፣ ዲዛይንና የመሳሰሉትን ሙያዎች የሚማር ሰው ቋሚ ቀጣሪ ሳይኖረው በሙያው መተዳደር እንዲችል የሚሰጠው ሥልጠና ነው። እንዲህ ያለው ባለሙያ በዘመኑ አነጋገር ፍሪላንሰር ይባላል፤ ደንበኛውን ራሱ ይፈልጋል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ ሥራውን አስረክቦ ክፍያውን ይቀበላል። ስያሜው አዲስ ቢሆንም አኗኗሩ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ አዲስ አይደለም። በአካባቢው የአብነት ትምህርት ቤቶችና የአዝማሪ ቤተሰቦች ከቦታ ቦታ ተዘዋውሮ በችሎታው የሚኖር ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲያወጡ ቆይተዋል። እነዚህ መንገዶች ችሎታን በመፈተንና በማስመስከር ጠንካሮች ናቸው። ዋጋ አወጣጥን፣ ውልንና የቅጂ መብትን ግን በትምህርትነት አይሰጡም።

አካባቢው

ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከጉና ተራራ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የየጁ መሳፍንት፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች። ቤተ መንግሥትና ታላላቅ አድባራት ባሉበት ቦታ መጽሐፍ የሚያስጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያስል፣ በግብር ላይ አዝማሪ የሚያስጠራ አይጠፋም። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎችና ተማሪዎች ወደ አካባቢው ይሳቡ ነበር።

የአብነት ትምህርት ቤቶች

የአብነት ተማሪ ሁሉንም ትምህርት በአንድ ቦታ አይጨርስም። ለእያንዳንዱ ሙያ የታወቀ የምስክር ቤት ስላለ ከመምህር ወደ መምህር ይዘዋወራል። በደቡብ ጎንደር የጋይንቷ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ በዝማሬና መዋሥዕት የታወቁ ናቸው። የደብረ ታቦር ኢየሱስ ስም ከአቋቋም ጋር ይነሣል፤ በተለይም ፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ከልጃቸው ከተክሌ ጋር ስማቸው ከሚጠራበት የተክሌ አቋቋም ጋር ይያያዛል። ለቅኔ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ የሚሄድ ተማሪም ብዙ ነው።

የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ከሰው ገለል ብሎ ከዛፍ ሥር አዲስ ቅኔ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ኋላም መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል፤ ይህም ነገራ ነው። መምህሩ ሰዋስዉን፣ ቤቱንና ምሥጢሩን በጓደኞቹ ፊት ያርማል። ትምህርቱ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይባልምና ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር ማቅረብንና በአደባባይ መታረምን ይለምዳል።

ድጓ የሚማር ደግሞ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ በመቃ ብዕር መጻፍን በዚያው ሊለምድ ይችላል። ጽሕፈቱን የያዘ ቁም ጸሐፊ ሆኖ በመጽሐፍ ይዋዋላል። ሥዕል የሚወድም ከሠዓሊ ጋር ተጠግቶ፣ ቀለም እያቀበለ ይማራል።

የተማሪው ኑሮም ራሱ ሥልጠና ነው። ጎጆውን ይቀልሳል፣ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፣ በአጨዳ ጊዜ ለገበሬ ይሠራል፣ ልብስ ይሰፋል። ለመምህሩ የሚከፍለው በአብዛኛው በአገልግሎት ነው፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ለጀማሪዎች ያስቀጽላል። ትምህርቱን ሲጨርስ በምስክር ቤቱ መምህር ይመሰከርለታል። ከዚያ በኋላ በሄደበት ደብር «ማን ዘንድ ተመሰከርህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

አዝማሪነት

አዝማሪ ሙያውን የሚማረው ከቤተሰቡ ነው። ልጁ ማሲንቆ ሲገረፍ እየሰማ ያድግና ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ጋር ወደ ሠርግና ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። እዚያም ዜማውን ብቻ ሳይሆን የእድምተኛውን ስም ማስታወስን፣ ማን እንደሚሸልም መለየትን፣ አድማጩ የሚሰጠውን ግጥም «ተቀበል» ሲባል ወዲያው ማንሣትን ይለምዳል። ገቢው ከጠሪው በሚሰጠው ክፍያና ከአድማጭ በሚገኘው ሽልማት ላይ የተመሠረተ ነው። የቅኔ ተማሪ በመምህር ቢፈተን አዝማሪ በአድማጭ ይፈተናል።

የጋፋት ምሳሌ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በተለየ መንገድ ሙያ የተሰጠባት ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ ያሠሩ ሲሆን፣ የአገሬው ወጣቶችም ከእነርሱ ጋር የእጅ ሙያ ተምረዋል። ከሥራዎቹ የታወቀው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ሆኖም ጋፋት ደንበኛዋ አንድ ብቻ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፉን አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ሲሞቱ የጋፋት ሥራም ቀረ። በአንድ አሠሪ ላይ የተንጠለጠለ ሙያ ከአሠሪው ጋር አብሮ እንደሚወድቅ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሙሉ በሙሉ የግል ሠራተኛ አልነበረም። ደብር የገባ ደብተራ የሰሞን መሬት ያገኝ ስለነበር ጽሕፈቱም ሆነ ሥዕሉ ተጨማሪ ገቢ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ ይህ መደገፊያ ቀረ። የማተሚያ ቤት መጽሐፍ መስፋፋትም የቁም ጸሐፊውን ገበያ አጥብቦታል። ከዚያ ወዲህ አገልጋዮች ከሰበካ ጉባኤ በሚከፈል ደመወዝና በግል ሙያቸው ይኖራሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው ወደ ገበያ ከወጡት መካከል በጎጃም የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው ይጠቀሳሉ። ክህነቱን ትተው አዲስ አበባ ገብተው ከቅዱሳን ሥዕል ጋር የታሪክና የዕለት ኑሮ ሥዕሎችን እየሠሩ ለገዢ ያቀርቡ ነበር። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ታይተዋል።

ዘመናዊ ትምህርት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሥዕል ትምህርት መሠረት የያዘው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። ከደቡብ ጎንደር የሚነሣ ተማሪ ለሥዕል ወደዚያ፣ ለሙዚቃ ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ለፋሽን ዲዛይን ደግሞ ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ባሕር ዳር መሄድ ይችላል። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጣኙ የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። ምዘናው ከአብነቱ ምስክር ጋር የሚመሳሰለው ችሎታን ከአስተማሪው ውጭ ላለ ሰው የሚያረጋግጥ በመሆኑ ነው።

የግል ሥራ ዝግጅት በሌሎች አገሮች የጥበብ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ኮርስ ሆኗል። በብሪታንያ በፈጠራ ኢንዱስትሪ ውስጥ ከሚሠሩት ሲሶ የሚጠጉት የግል ሠራተኞች ስለሆኑ ተማሪዎች የሥራ ናሙና ማደራጀትን፣ ዋጋ ማውጣትን፣ ውል ማንበብንና ሒሳብ መያዝን ከመመረቃቸው በፊት ይማራሉ።

ሕግና ውል

በኢትዮጵያ የግል ሠራተኛው ሊያውቀው የሚገባው ዋነኛ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሥራው ኢኮኖሚያዊ መብት በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የፎቶግራፍ ጥበቃ ግን 25 ዓመት ነው። ከአዋጁ ሁለት ነጥቦች ለአካባቢው ባለሙያ ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው፣ ጥበቃ የሚያገኘው ሥራ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ የተቀረጸ መሆን አለበት። በቃል የተነገረ ቅኔም ሆነ አዝማሪው በሠርግ ላይ የፈጠረው ግጥም ካልተጻፈ ወይም ካልተቀዳ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ሌላው ሰው ቀድሞ ቀድቶ ቢያሳትመው ፈጣሪው የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል።

ሁለተኛው፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ የመብቱ ባለቤት ያዘዘው ሰው ነው። ለሆቴል ግድግዳ የሳለ ወይም ለድርጅት ዓርማ የሠራ ወጣት ሥዕሉን በሌላ ቦታ ለመጠቀም ከፈለገ ይህን አስቀድሞ በውሉ ማስፈር ይኖርበታል።

ስለ ክፍያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ቀለምና ሸራ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሠዓሊ ከሥራው በፊት ቀብድ መቀበሉ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ከኪሳራ ይጠብቀዋል።

የሁለቱ መንገዶች ግንኙነት

የአብነቱ ትምህርት ለተማሪው በየቀኑ አዲስ ሥራ የማቅረብ ልማድን፣ በሰው ፊት መታረምን፣ ሙያን ደርቦ መያዝንና የሚታመን ምስክርን ይሰጠዋል። ዘመናዊው ዝግጅት ደግሞ የሥራ ናሙናን፣ የጽሑፍ ውልን፣ ደረሰኝንና የመብት ዕውቀትን ይጨምራል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረው ቴሌብር ያሉ የክፍያ መንገዶች ደብረ ታቦር ተቀምጦ ከአዲስ አበባ ደንበኛ ገንዘብ መቀበልን አቅልለዋል። ይሁንና መንገዱ የሚያቀልለው ገንዘቡን ማስተላለፍ ነው፤ ምን ያህል እንደሚከፈልና ሥራው የማን እንደሚሆን የሚወስነው አስቀድሞ የተደረገው ስምምነት ነው።