የተከራይ ዶሮ በማን ግቢ ትጭራለች?

በአዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው የአከራይን ጥያቄዎች በቃሉ ይዟቸዋል። ባለትዳር ነህ? ልጅ አለህ? ማታ በስንት ሰዓት ትገባለህ? እንግዳ ታበዛለህ? ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ቀብዱ ሊቆጠር ሲል፣ የቤቱ ባለቤት አንዲት ነገር ጣል ያደርጋሉ። «እንስሳ አልወድም፤ ዶሮም ቢሆን።» ተከራዩም «ኧረ ምን እንስሳ አለኝ፣ እትዬ!» ብሎ ዕቃውን ያስገባል። የጠቡ ዘር የሚዘራው በዚያች ደቂቃ ነው። በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ተከራዩ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥሎ ከተፍ ይላል። በማግሥቱ ዶሮው ከባለቤቲቱ የጎመን መደብ ላይ ይገኛል።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ዳሩ ግን የከተማችንን የቤት ኪራይ ታሪክ ላጤነ ሰው፣ የተከራይ እንስሳ ተራ ጉዳይ አይደለም። ተከራዩ በግቢው ውስጥ ምን ያህል እንደ ነዋሪ እንደሚቆጠር የሚለካበት ሚዛን ነው። የግቢው ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የእንስሳውም ቦታ ሲለወጥ ኖሯል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የመኳንንት ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ራሱ ወይም ደጃዝማቹ ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ግቢውን ሲያጥር፣ ሎሌውና ወታደሩ ዙሪያውን ጎጆ ይቀልሳል። ለመኖሪያው ገንዘብ አይከፍልም፤ የሚከፍለው አገልግሎቱን ነው። ያለ በቅሎና ያለ ፈረስ የጌታ ግቢ አይታሰብም ነበር። ሲመሽ ጅብ በየመንገዱ እየዞረ የከተማዋን ጥራጊ ያነሣል፤ ውሻም አጥር ያስከብራል። ሰውም እንስሳውም የአንድ ጌታ ናቸውና «ይህ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አይነሣም።

አፄ ምኒልክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ያወጡት የመሬት ደንብ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ሀብት፣ ቤትም መተዳደሪያ እየሆነ ሄደ። ባለይዞታው ከዋናው ቤት ጀርባ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ሠርቶ ማከራየት ጀመረ። ውሻውም ከዚያ ወዲህ ለይቶለት የአከራይ ሆነ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ቀን ለተከራዩ ጅራቱን ሲቆላ የዋለው ውሻ አምሽቶ ሲመጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ ያስጨንቀዋል። ስንቱ ተከራይ ነው ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ «ውሻውን ያዙልኝ» ብሎ የተጣራው! የአከራይ ውሻ ጠባቂ ሲባል፣ የተከራይ ድመት ግን «ቁንጫ አመጣችብን» ተባለች።

ይህን ስንል የአከራዩን ሥጋት ማናናቃችን አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ መከሰቱ ተመዝግቧል። ከዚያም በኋላ በሽታው ከከተማዋ አልጠፋም። ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ፓስተር ተወስዶ በሆዱ ላይ ለብዙ ቀናት መርፌ ይወጋ እንደነበር አረጋውያን አይረሱትም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ያሳደረች ባለቤት፣ ያልተከተበ ውሻ በሯን እንዳያልፍ ብትከለክል ጭካኔ ነው ሊባል አይችልም።

ሕጉስ ምን አለ? ኦሪት ዘጸአት እንኳ በምዕራፍ 21 ላይ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ያልጠበቀውን ባለቤት በጥብቅ ይጠይቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 2071 ጀምሮ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። እንስሳው አምልጦ ቢሆንም እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። ከዚህም አልፎ ሕጉ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በማስረከብ ከዕዳው ነፃ የሚወጣበትን መንገድ ያሳያል። እንግዲህ የጎመን መደቡ የተጫረባቸው ባለቤት ዶሮውን ተረክበው ነገሩ በወጥ ቢያልቅ፣ ከሕጉ መንፈስ ብዙም አልራቀም ማለት ነው! ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕጉ የሚጠይቀው «ጌታው ማን ነው?» ብሎ እንጂ «አከራይ ነው ወይስ ተከራይ?» ብሎ አለመሆኑን ነው። ተከራይ በዶሮው እንደሚጠየቅ ሁሉ አከራይም በውሻው ይጠየቃል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የግቢውን ሥርዓት ከሥሩ ገለበጠው። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በዝቅተኛ ኪራይ ላይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ቅናሽ ተደረገ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጠው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተዛወረ። የትናንቷ አከራይና የትናንቱ ተከራይ በአንድ ግቢ እኩል ነዋሪ ሆነው ተፋጠጡ። ትናንት በካልቾ ትባረር የነበረችው ዶሮ ዛሬ የምትጭርበት መሬት የማንም የግል ንብረት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጌታ የሌለው ግቢ ጠብ አይጎድለውም። አንዱ የጋራው ሽንት ቤት አጠገብ በግ ያስራል፤ ሌላዋ በጋራው ማድ ቤት ጫጩት ታስፈለፍላለች፤ የሚጠርግ ግን የለም። ክርክሩ አንዳንዴ እስከ ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ይደርሳል። በዚህ መካከል የግል ኪራይ ጨርሶ አልጠፋም፤ «ደባል» የሚል ስም ይዞ በጓሮ በር ገባ። ደባል ደግሞ ከተከራይም ያነሰ ነበር። ውል የሌለው ሰው እንኳን በግ ሊያስር፣ ሳሉንም ቀንሶ የሚስል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ወደ አደባባይ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 መጣና ግቢው ራሱ ወደ ሰማይ ቆመ። የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሲነደፉ ለማብሰያና ለእርድ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች ታስበውላቸዋል። ንድፍ አውጪዎቹ በጉ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በጉ ከመታረዱ በፊት ሁለት ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ይፈልጋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ደረጃው ሥር ወይም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነ። አከራዩ ሌላ ሰፈር ይኖራል፤ ስሞታው የሚደርሰው በስልክ ነው። ቀድሞ በአከራይና በተከራይ መካከል የነበረው ጉዳይ አሁን የሕንፃው ማኅበርና ጎረቤት ሁሉ የሚገቡበት ሆኗል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። በእኔ አስተያየት የዶሮውን ነገር መቋጨት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ለሁለት ዓመት አብሮ የሚኖር ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት በዓል እንዳለ ያውቃል። አከራይ «እንስሳ አልወድም» ከማለት ይልቅ የትኛው እንስሳ፣ ለስንት ቀን፣ የት ታስሮ፣ ማን ጠርጎለት የሚለውን ያጽፍ። ለውሻ የክትባት ወረቀት ይጠይቅ፤ የራሱንም ውሻ ወረቀት ያሳይ። የተበላሸ በርና የተቧጨረ ግድግዳ በማን ወጪ እንደሚታደስ ቀድሞ ይነገር። ተከራይም «ምን እንስሳ አለኝ» ብሎ አይዋሽ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ በትንሿ ውሸት በኩል ነው ትልቁ አለመተማመን የሚገባው።

የከተማችን ግቢ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ጌታም፣ ባለይዞታም፣ ቀበሌም፣ ማኅበርም ይዘውታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ለፋሲካ ዶሮ ያልገዛ ተከራይ ቢኖር፣ አቅም አጥቶ ነው እንጂ ፈልጎ አይደለም። በበዓል ዋዜማ የተከራይን ዶሮ ጩኸት የሚታገሥ አከራይ፣ በበዓሉ ቀን ከዚያው ወጥ የሚደርሰው ሰው ነው።