የታካሚ ጥብቅና በሐረር የነርስነት ሙያ

የታካሚ ጥብቅና ነርሶች የታካሚውን ፍላጎት፣ መብትና ደኅንነት ይዘው ለሐኪም፣ ለቤተሰብና ለሆስፒታል አስተዳደር የሚናገሩበት የሙያው ክፍል ነው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ምግባር ደንብ የሐኪምን ትእዛዝ በታማኝነት መፈጸምን ከነርስ ግዴታዎች ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሻሻለው ግን የነርስ ቀዳሚ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው መሆኑን አስቀመጠ።

በሐረር ይህ ሥራ ከቋንቋ ይጀምራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል 183,415 ነዋሪ ነበረው፤ ከግማሽ በላዩ ኦሮሞ፣ ከአምስት አንድ በላዩ አማራ፣ 9 በመቶ ገደማው ሐረሪ ሲሆን ጉራጌና ሶማሌም ይኖሩበታል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ በከተማው አማርኛ በሰፊው ይነገራል፤ የታካሚው ካርድ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ በከተማው ግንብ ውስጥ ባለው የጀጎል ሆስፒታልም ሆነ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር የመጣ ሰው ሕመም ካርዱ ላይ እስኪሰፍር ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሊያልፍ ይችላል።

አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው፦ ባል፣ ወንድም፣ አንዳንዴም ተማሪ ልጅ። ነፍሰ ጡር ሴት ደም እንደሚፈሳት በወንድሟ አፍ አትናገርም፤ ባል የሚመልሰውም እሱ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። ልምድ ያላት ሲስተር አስታማሚውን መድኃኒት እንዲገዛ ትልከውና ቋንቋውን የምትችል ባልደረባዋን ጠርታ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ጥያቄውን እንደ አዲስ ትጀምራለች። ታካሚዋ ከሆስፒታል ስትወጣም «ገብቶሻል?» ማለት አይበቃም፤ ያልገባውም ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። ኪኒኑን በእጇ አስይዞ መቼና ስንት እንደምትውጥ ራሷ እንድትናገር ማድረግ ስህተቱን ቤት ሳይደርስ ይይዘዋል። በረመዳን ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። መጾም የፈለገ የስኳር ሕመምተኛ ይህን ለሐኪሙ ላይነግር ይችላል፤ ነርሷ ጠይቃ ካላወቀች ኢንሱሊኑ በባዶ ሆድ ይወሰድና ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ቀድማ ካወቀች ግን መጠኑና ሰዓቱ ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር እንዲታይ፣ ጾሙ የሚያሰጋው ከሆነም ሐኪሙ በግልጽ እንዲነግረው ታደርጋለች።

በሕግ በኩል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የታካሚውን ፈቃድ ማግኘትንና ምስጢር መጠበቅን ደንግጓል። የስምምነት ፎርም ላይ አውራ ጣት ማስነካት ግን ፈቃድ አይደለም፤ ፎርሙ የተጻፈበትን ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ማብራሪያው ራሱ ነው ፈቃዱን የሚያስገኘው።

የጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባካሄደው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ዓላማው ትክክል ነው፤ ሆኖም ርኅራኄ ብቻውን ጥብቅና አይሆንም። በሌሊት ተረኛ ሆና የታዘዘው መድኃኒት መጠን የበዛ የመሰላት ነርስ ታካሚውን ብታባብለው ምንም አልጠቀመችውም፤ ሐኪሙን ቀስቅሳ የደም ግፊቱን፣ የትንፋሹን ቁጥርና የምትጠረጥረውን ነገር በአጭሩ ልትነግረው ይገባል። ይህን የሚያደርጉ ነርሶችን የሚደግፍ የክፍል ኃላፊ ከሌለ ዕቅዱ ከወረቀት አያልፍም።

ከሁሉም የሚከብደው ንግግር ከሞት በኋላ ያለው ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አጋሮቹ ጋር በሐረርና በምሥራቅ ሐረርጌ በምትገኘው ቀርሳ የሕፃናትን ሞት መንስኤ ያጠናል፤ ለዚህም ከሞተው ሕፃን አካል በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። በሙስሊሙ ልማድ ቀብር አይዘገይም፤ ስለዚህ ጥያቄው ሐዘኑ ገና ትኩስ እያለ፣ በወላጆች ቋንቋና በጥቂት ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። የሚያነጋግራቸው ሰው በመጀመሪያ ያጽናናቸዋል፣ ናሙናው በምን እንደሚወሰድ ያስረዳል። ወላጆች እምቢ ካሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ከተስማሙ ደግሞ ልጃቸውን ምን እንደገደለው በኋላ ይነገራቸዋል።