የሽንት ኀፍረት
የሽንት ኀፍረት፣ ፊኛው ሞልቶ ሳለ ሰው በአጠገቡ መቆሙን ወይም በበር መጠበቁን ያሰበ ኅሊና በሚያሳድረው ፍርሀት የፊኛው አፍ ተቋጥሮ ሽንት እንቢ የሚልበት ጭንቀት ሲሆን፣ ዊልያምስና ዴገንሃርት የተባሉ ሊቃውንት በ1954 እ.ኤ.አ. 1,419 ተማሪዎችን ጠይቀው 14.4 ከመቶው እንደ ደረሰባቸው ጽፈዋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከቶጎ ውጫሌ ተነሥቶ በጅግጅጋና በካራማራ በኩል ወደ ሐረር የሚሻገር መንገደኛ፣ ተራ በሚጠበቅበት መጸዳጃ ሲገባ ይህ ይብስበታል፤ ሆኖም በዚያ አገር የሚከበረው የእስልምና ሥርዓት ከሰው ዐይን መሰወርንና በውሃ መንጻትን ስለሚያዝዝ፣ በር ያለው ጠባብ ክፍል፣ እንደሚመስለኝ፣ ከረድፍ መሽኛ ይልቅ ይራራለታል። ፈውሱ፣ የታመነ ወዳጅ በመጀመሪያ ርቆ፣ ኋላም እየቀረበ ሲቆም ቀስ በቀስ መለማመድ ነው። ለመንገድ ሲሉ ውሃን መተው ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል፤ ብቻውን ሳለም ሽንት የሚታገድበት ሰው ሐኪም ይየው።