ድራም ማሽን ጊንጪ ሲደርስ

የሙዚቃ ባንዶቻችንን ያጠፋቸው ድራም ማሽን ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እኔ እንኳ ማሽኑ የመጣው ለቀብሩ ነው ባይ ነኝ። የገደላቸው ሰዓት እላፊ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስምንትና ዘጠኝ ሰው ይዞ ማምሸት የለመደ ባንድ የሚያመሽበት ሰዓት አጣ። ዋልያስ ሂልተንን የመሰለ ቦታ ስለነበራቸው ሰነበቱ፤ እዚያ የገባ ታዳሚ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ እየጨፈረ ያነጋ ነበር። ሌላው ሕዝብ ቤቱ ቁጭ ብሎ በካሴት ረካ። ካሴት ላይ ደግሞ ከበሮውን ማን እንደመታው ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮጀር ሊን የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ በዲጂታል ቀድቶ የያዘውን ኤልኤም-1 አወጣ። ዋጋው ወደ 5 ሺህ ዶላር! በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሮላንድ ቲአር-808ን አቀረበ። ይሄኛው የተቀዳ ድምፅ የለውም፤ ድምፁን ራሱ በኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ዋጋው ግን ከሊን በብዙ ያንሳል።

ከእኛ ሰዎች ኃይሉ መርጊያን እንይ። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተጉዘው የተወሰኑት እዚያው ሲቀሩ እሱም ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖና ሙግ ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን ካሴት ሠራ፤ ምቱን ለማሽን ሰጠው። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ የፈረንጅ ወጣት ሲያጨበጭብለት፣ ሰውዬው ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አሳልፎ ነበር። ያንን ሥራ ስሰማ የስደተኛ ብቸኝነት ይሰማኛል፤ ማሽኑ ይደጋግማል፣ አኮርዲዮኑ ይናፍቃል።

ዛሬ ማሽኑ በስልክም ይገኛል። ለምትጀምሩ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። አብዛኛው ማሽን ምቱን በ16 እርከን ይከፍለዋል፤ ለፈረንጅ አራት ምት ይመቻል። የኛ ችክችካ ግን በሦስት በሦስት ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ መጀመሪያ እርከኑን 12 ላይ አቁሙት። ትልቁን ከበሮ 1ኛውና 7ኛው ላይ፣ ጭብጨባውን 4ኛውና 10ኛው ላይ አስቀምጡና አስነሱት። አጥንቱ ይኸው ነው። ሥጋው ያስቸግራል። ከበሮ መቺ አንዷን ምት ጥቂት ያዘገያታል፣ አንዷን ያሳሳታል፣ ሌላዋን ያጠብቃታል። ማሽኑም ቢሆን የየምቱን ጉልበት ለይታችሁ ብትነግሩት እሺ ይላል፤ ግን ቁጭ ብሎ መንገር ይፈልጋል። ሠርግ ላይ ደግሞ ማን ቁጭ ይላል?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲኬድ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለችው ጊንጪ፣ እንደ ሌሎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ሁሉ፣ ማሽኑን ያወቀችው በኪቦርድ ሆድ ውስጥ ሆኖ ሲመጣላት ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፤ ሠርጉ ሞላ። በደጋሹ አልፈርድም። ስምንት ሙዚቀኛ ማጓጓዝ፣ ማብላት፣ ማሳደር ቀላል ነው እንዴ? ችግሩ የሚመጣው ሴቶቹ ረገዳ ሲጀምሩ ነው። ረገዳ የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ ነው፤ ምቱ ከእግርና ከጭብጨባ ይወጣል፤ ሰው ሲሞቅ እሱም ይፈጥናል። ማሽኑ ግን ሰው ሞቀው አልሞቀው አይቶ አያውቅም፣ በተሰጠው ፍጥነት ይቀጥላል። ልጁ ቁልፍ ሲፈልግ እናቶች ጥለውት ሄደዋል። ጮሌ የሆነው ማሽኑን አጥፍቶ አብሮ ያጨበጭባል፤ የቀረው ሲያሳድዳቸው ያመሻል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ አለ፤ ጨፋሪው ራሱ ተሸንፎ እግሩን ለማሽኑ ሲያስገዛ። አሥር ሠርግ እንዲህ ከታለፈ፣ አሥራ አንደኛው ላይ የምትቆመው ልጅ ረገዳ ይፈጥን እንደነበር ከማን ትሰማለች?

ሊን እኮ የሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ሰው ሲመታ ቀዳ። የቀዳው ግን የሱን አገር ከበሮ ነው። የጊንጪን እናቶች ጭብጨባ፣ መሬቱን የሚረግጠውን እግር፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ የሚጋለውን ፍጥነት ጭምር ቀድቶ ማሽኑ ውስጥ ለመክተት ዛሬ 5 ሺህ ዶላር አያስፈልግም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ፣ ረገዳው እስኪያልቅም እጁን ከኪቦርዱ ላይ ቢያነሳ ይበቃል።