ከወህኒ አምባ እስከ ማረሚያ ቤት

ቋንቋ እኛ የረሳነውን ይዞ ይቆያል። «ወህኒ» የምንለውን ቃል ተመልከቱ። በለሳ ውስጥ ያለ ገደላማ አምባ ስም ነው። በጎንደር ዘመን «ዙፋን ይሻማሉ» ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ልጆች እዚያ ወጥተው ይጠበቁ ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ ስሙ ከአምባው ወረደና የማንኛውም ድሃ እስር ቤት መጠሪያ ሆነ።

«ቁራኛ»ም እንዲሁ ነው። ዱሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዛሬ ሥርዓቱ የለም፤ ቃሉ ግን «የአልጋ ቁራኛ» ሆኖ ለበሽተኛ ተረፈ። በ1990ዎቹ ይህን ሐረግ ያልሰማ ቤት አልነበረም።

ኤች አይ ቪ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ1976 ዓ.ም ከተወሰደ የደም ናሙና ነው። በ1978 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ከዚያማ መንገድ ተከትሎ ከተማ ከተማውን ተጓዘ። በ2003 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል በከተማ 4.2 ከመቶ፣ በገጠር ግን 0.6 ከመቶ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። ሰባት እጥፍ ማለት ነው።

እስቲ እስር ቤትን በዚህ ዓይን እንየው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የገበሬ አገር ናቸው። በድንበር ተጣልቶ ወይም ደም ገብቶ የተፈረደበት ገበሬ ከሾፌር፣ ከነጋዴ፣ ከቀድሞ ወታደር ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ለእሱ እስር ቤት አጥር ያለው ከተማ ነው። አብሮ መብላትና አብሮ ማደር ቫይረሱን አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው ተራ በተራ የሚዞረው ምላጭ፣ በአንድ መርፌ የሚወቀረው ንቅሳት፣ ደግሞም ማንም በስሙ የማይጠራው፣ አንዳንዴም በጉልበት የሚፈጸመው የወንድ ለወንድ ግንኙነት ነው። ቫይረሱን ከውጭ ይዞት የሚገባም አለ። እሱን ደግሞ በታፈገ ክፍል ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ይጠብቀዋል።

ከዓመታት በፊት ከወረታ ወደ ነፋስ መውጫ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ከእስር መፈታቱ ነበር። የት ታስሮ እንደነበር አልጠየቅሁትም። እሱ ግን ሳልጠይቀው አወራኝ።

«ውስጥ ሆኜ ተመርምሬ ተገኘብኝ፣ ጋሼ። መድኃኒቱን እዚያው ይሰጡኝ ነበር። አሁን ለሚስቴ ምን ልበላት? ሲያልቅብኝስ ከየት ላምጣ?»

«ለጤና ጣቢያ የሚሆን ወረቀት አልሰጡህም?»

«የመፈቻ ወረቀት ነው የሰጡኝ።»

መልስ አጣሁ። ከልጅነት እስከ እውቀት ስለ ቃላት ሳወራ የኖርኩት ሰውዬ አፌ ተያዘ።

ሕጉ እንኳ አልጎደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 እስረኛ ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ሐኪምም እንዲጎበኘው ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው መመሪያ እስረኛ ከአጥር ውጭ ያለው ሰው የሚያገኘውን ሕክምና ማግኘት እንዳለበት አስታውቋል። ከጥር 1997 ዓ.ም ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የማንዴላ ደንቦችም የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያዛሉ። እኛም «ወህኒ»ን ትተን «ማረሚያ ቤት» አልን።

ታዲያ የእስቴ ገበሬ ሲያርም ምን ያደርጋል? አረሙን ነቅሎ እህሉን ያተርፋል። ዳኛ «አምስት ዓመት» ብሎ ሲፈርድ አምስት ዓመት ማለቱ ነው፤ በሽታ አልጨመረበትም። ለሚስቱማ ጨርሶ አልፈረደባትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ምላጭ፣ በፈቃዱ የሚሆን ምርመራ፣ ከመፈቻው ወረቀት ጋር ደግሞ ለወገዳ፣ ለመካነ ኢየሱስ ወይም ለአርብ ገበያ ሐኪም የተጻፈች አንዲት ወረቀት ያስፈልጋሉ። ያ ጎልማሳ ነፋስ መውጫ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ በእጁ የያዘው አንዱን ወረቀት ብቻ ነበር።