ወዝ እያለልን «የሥጋ ቀለም» ለምን?

በሥዕል ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ትርጉምና በቀለም ሻጮች ማስታወቂያ ላይ «የሥጋ ቀለም» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። አሁን አሁን ደግሞ «አንጸባራቂ የሥጋ ቀለም» ወደሚል አድጓል። ሊባል የተፈለገው ግልጽ ነው፦ የሰው ፊት በዘይት ቀለም ሲሣል ገላው ሕያው እንዲመስል፣ ብርሃኑም ከውስጥ የሚወጣ ሆኖ እንዲታይ የማድረግ ጥበብ። ሐረጉ ግን ይህን አይናገርም። አማርኛን ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው «የሥጋ ቀለም» ሲባል ሐሳቡ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሉካንዳ ነው።

ተርጓሚዎቹ ምክንያት የላቸውም አልልም። የጣሊያን ሠዓሊዎች ይህን ነገር «ኢንካርናቶ» ይሉታል፤ ሥሩም ሥጋ ማለት ነው። ችግሩ የእኛ «ሥጋ» በሌላ መንገድ የተጓዘ መሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥጋዌን፣ በዝምድና የሥጋ ዘመድን፣ በሥነ ምግባር ሥጋዊ ፍላጎትን፣ በገበያ ደግሞ ጥሬውንና ጥብሱን ወለደ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው ፊት የሚታይበት ቦታ የለም። ሥጋ ከቆዳ በታች ያለ ነገር ነው፤ ሲታይም ቆዳው ተገፏል ማለት ነው። ሠዓሊ የሚሥለው ይህን አይደለም።

ከዚህ የከፋ ጥፋትም አለ። «የሥጋ ቀለም» ስንል አንድ ቀለም እንዳለ እንቀበላለን፤ እሱም ሮዝ ነው። የአሜሪካው ክራዮላ ኩባንያ «ሥጋ» ብሎ ይሸጠው የነበረውን የሰም ቀለም እ.ኤ.አ. በ1962 ስሙን ቀይሮ «ኮክ» ብሎታል፤ የሰው ሁሉ ገላ ሮዝ አለመሆኑን በመረዳት። እነሱ የተዉትን ስያሜ እኛ ተርጉመን የምናስገባበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞስ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጠቆር ያለ፣ ቀላ ያለ እያለ የሰውን መልክ በጥንቃቄ የሚለይ ቋንቋ ሁሉንም በአንድ ቱቦ ለመጨመቅ ለምን ይገደዳል?

በምትኩ የቀረቡ ቃላት አሉ። «የቆዳ ቀለም» የሚለው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ የዘር ክርክር ቃል ሆኗል፤ ከዚያ በፊትም ቆዳ ለአማርኛ የተገፈፈና የተለፋ ነገር ነበር። «የመልክ ቀለም» የሚሉም አሉ። መልክ ድንቅ ቃል ነው፤ ግን ቀለምንም፣ ቁንጅናንም፣ ቅርጽንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ሠዓሊው ከሚፈልገው በላይ ይሰፋበታል። እኔ የምመርጠው «የገላ ቀለም» ነው። ገላ የሚታጠብ፣ የሚዳሰስ፣ የሚሞቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው አካል ነው። እንግዲህ ለቀለሙ ገላ ይበቃናል።

የቀረው ብርሃኑ ነው፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ይከብዳል። «አንጸባራቂ» አይሆንም። ነጸብራቅ ከላይ ነክቶ የሚመለስ ብርሃን ነው፤ የብረት፣ የመስታወት፣ የውሃ ነው። ጸዳል የቅዱሳንና የሰማይ ነው፤ ለጎረቤት ፊት ይከብዳል። ፍካት ለአበባና ለቀን ያምራል፤ ግን የገላን እርጥበት አይነካም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ ያዘጋጀው ቃል ወዝ ነው።

ወዝ ከገላ ከራሱ የሚወጣ ነው፤ ከውጭ አይለጠፍም። ከሕመም ያገገመን ሰው «ወዝህ ተመለሰ» እንለዋለን። ደርባባ ፊት ወዘና አለው። ለዛ ያጣ ጽሑፍ ወዝ የለውም። ቃሉ መውለድም ይችላል፤ በአብዮቱ ዘመን ከ«አደር» ጋር ተጋብቶ ወዛደርን ሰጥቶናል። ግስ ሲያስፈልገን ደግሞ «ማወዛት» አለልን፦ ሠዓሊው ጉንጩን አወዛው፣ ግንባሩ ገና አልወዛም።

ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ቃሉ ከነገሩ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ያውቃል። በሕያው ገላ ላይ የሚያርፍ ብርሃን ሁሉ ከላይ አይመለስም፤ ከፊሉ ወደ ቆዳው ይገባል፣ ውስጥ ይበተናል፣ የደሙንና የቆዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል። ጆሮ በፀሐይ ፊት ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። የዘይት ቀለምም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ከተልባ የሚጨመቀው ዘይት የቀለሙን ዱቄት ብርሃን አሳላፊ ያደርገዋል፤ ስስ ቅብ በስስ ቅብ ላይ ሲደረብ ብርሃን በቅቦቹ አልፎ፣ ከሥር ያለውን ነጣ ያለ መደብ ነክቶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኤክስሬይ ጥናት በሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕሎች ፊቶች ላይ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ የሚወፍሩ ቅቦች ተደራርበው አግኝቷል፤ ድምራቸው ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር ቢደርስ ነው። የገላን ወዝ በተልባ ወዝ መመለስ ይሉሃል ይህ ነው።

ወዝ ለቀይ መልክ ብቻ አይደለም። ዲዬጎ ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ውስጥ የሣለውን ኹዋን ደ ፓሬኻን እዩ፤ ሥዕሉ ዛሬ ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ፓሬኻ አፍሪካዊ ዘር ያለው፣ የሠዓሊው ባሪያና የሥራ ቤቱ ረዳት ነበር፤ ቬላስኬዝ የነጻነት ወረቀቱን የፈረመለትም በዚያው ዓመት ነው። ጀርባው ግራጫ፣ ልብሱም ግራጫ ነው፤ አንገቱ ላይ ሰፊ ነጭ የዳንቴል ኮሌታ አለ። ከዚያ ነጭ ጋር ስታነጻጽሩት በግንባሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ጨርሶ ነጭ አይደለም፤ ጠይምነቱን ሳይለቅ በርቷል። ለዚህ ግንባር «አንጸባራቂ የሥጋ ቀለም» ማለት ስድብ ይሆናል። ወዝ አለው ብትሉ ግን ማንም ይገባዋል።

«ወዝ ላብና ቅባት አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የመዋቢያ ቅባት ሻጮች «ወዛም ፊት» የሚሉት እንደ ጉድለት መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ለላብ ላብ የሚል ቃል አለን፤ ወዝንም የሻጭ ቋንቋ ስላጠበበው አንጥለውም። ይልቅ የቃሉን ተቃራኒ ተመልከቱ። ጀማሪ ሠዓሊ ብርሃን ለማምጣት ሲል ነጭ ላይ ነጭ ሲጨምር ፊቱ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ ሙቀቱን ያጣል። ይህን ጥፋት አማርኛ በአንድ ቃል ይጠራዋል፦ አመዳም። ወዝና አመድ፣ ማወዛትና አመዳም ማድረግ፤ ሙሉ የስቱዲዮ ቋንቋ ማለት ይኸው ነው።

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ወዲህ በአገራችን ትውልድ በትውልድ ላይ የዘይት ቀለም ጥበብን እየተማረ ነው። እጅ የተማረውን አፍ በራሱ ቋንቋ ሊናገረው ይገባል። ስለዚህ ለአስተማሪዎች፣ ለተርጓሚዎችና የዐውደ ርእይ መግለጫ ለሚጽፉ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ለቀለሙ «የገላ ቀለም»፣ ለብርሃኑ «ወዝ»፣ ለሥራው «ማወዛት» በሉ። አዲስ ቃል መፍጠር የሚያስፈልገን ቋንቋው ያለውን ሁሉ ፈትሸን ስናጣ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አላጣንም።